ያረጀ ፍሪጅን ስለ መለወጥ፤ በውስጡም ያለውን ምግብና መድኀኒት ሳይበላሽ ስለ ማሻገር

ፍሪጅ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በአውራ ጎዳናውም ዳር ባሉት ታናናሽ ከተሞች፣ የባለጠጋ ቤት ጌጥ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ በመምህሩም፣ በነጋዴውም፣ በመንግሥት ሠራተኛውም ቤት ይገኛል። ነገር ግን ፍሪጅ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ሳይለወጥ የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ ያረጃል። የእርጅናውም ክፋት በግልጥ አለመታየቱ ነው። ጣራ ሲያረጅ ያፈሳል፤ ጫማ ሲያረጅ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም አይቶ ያሳድሰዋል። ፍሪጅ ግን ካረጀ በኋላም ድምፁ ይሰማል፤ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይበራል፤ በእጅ ሲዳሰስም ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል። በውስጡ ያለው ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ ወደ 10፣ ወደ 12 ዲግሪ ከፍ ማለቱን የሚናገር ምልክት የለም። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ፍሪጅ የሌለው ቤት ወተቱን አፍልቶ፣ ወጡንም በዕለቱ ጨርሶ በደኅና ሲያድር፣ ፍሪጅ ያለው ቤት በዕቃው ተማምኖ የ3 ቀን ምግብ ለልጆቹ ያቀርባል።

በአገራችን ልማድ ደግሞ አንድ ፍሪጅ ለአንድ ቤት ብቻ አያገለግልም። ጎረቤት የሕፃንዋን ወተት ታኖርበታለች። ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ወላጆቹ የላኩለትን ቅቤና አይብ ያስቀምጥበታል። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንትም ኢንሱሊናቸውን በአደራ ይሰጣሉ። እንግዲህ ባለፍሪጁ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሰፈሩ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። አዛውንቱ መድኀኒታቸው በሙቀት ኀይሉን ማጣቱን በዐይናቸው አይተው ሊያውቁት አይችሉም፤ የሚረዱት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ከታመሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ፍሪጅን መቼ መለወጥ እንደሚገባ፣ በሚለወጥበትም ቀን የተቀመጠውን ነገር እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ማወቅ ከቤት አያያዝም አልፎ የጤና ጉዳይ ነው።

ቅዝቃዜ ምግብን የሚጠብቀው እንዴት እንደሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል። በምግብ ላይ የሚያድሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሰው ገላን በመሰለ ሙቀት፣ ምግቡም ከተስማማቸው፣ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ይህን ሒሳብ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት መልካም ነው፤ በየ20 ደቂቃው እጥፍ የሚሆን አንድ ተሕዋሲ በ7 ሰዓት ውስጥ 21 ጊዜ ይታጠፋል፤ ድምሩም ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። በ4 ዲግሪና ከዚያ በታች ግን የብዙዎቹ መራባት እጅግ ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ ተሕዋስያኑም አይሞቱም። እንዲያውም ሊስቴሪያ የሚባለው ተሕዋሲ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለፅንሷም አደገኛ ነው። ስለዚህ በደኅናው ፍሪጅ ውስጥ እንኳ የበሰለ ወጥ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ፣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ከ2 ቀን በላይ ሊቆይ አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት መታረም አለበት። ብዙዎቻችን የዋለ ያደረ ወጥ ደኅና አድርጎ ከተንተከተከ ንጹሕ ይሆናል ብለን እናምናለን። ማፍላት ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ የሚባለው፣ በምግቡ ውስጥ ሲራቡ የሚተዉት መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ወጡ ቢፈላም መርዙ ይቀራል፤ የበላውም ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ሆዱንም ይቈርጠዋል። ሙቀት በያዘው ፍሪጅ ውስጥ የቆየውን ወጥ ማንተክተክ ያለፈውን ጥፋት አይመልስም።

እንግዲህ ፍሪጁ ማርጀቱን በምን እናውቃለን? ከሁሉ የሚታመነው ፍርድ የቴርሞሜትር ፍርድ ነው። ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠው ታናሽ መለኪያ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይመስለኝም፤ ሆኖም ፍሪጅ ካላቸው ቤቶች በጥቂቶቹ ብቻ ይታያል። መለኪያውን በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ፣ ብርጭቆውን በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኑሮ፣ ሌሊቱን በሩን ሳይከፍቱ ማሳደርና በማለዳ ማንበብ ነው። በውሃ ውስጥ የሚነከርበት ምክንያት በሩ ሲከፈት አየሩ ወዲያው ስለሚሞቅ፣ የውሃው ሙቀት ግን የምግቡን ሙቀት ስለሚመስል ነው። ንባቡ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ከሆነ ፍሪጁ ደኅና ነው። ከ5 በላይ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ወደ ብርዱ አዙሮ በማግስቱ እንደገና መለካት ያሻል። ያን ጊዜም ካልወረደ ሕመሙ ከውስጥ ነው።

መለኪያው ራሱ ትክክል መሆኑን ለመመርመር የተፈጨ በረዶ በጥቂት ውሃ ለውሶ፣ መለኪያውን በመካከሉ ነክሮ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ 0 ዲግሪ ማመልከቱን ማየት ይበቃል። አንዳንድ ሰው በፈላ ውሃ 100 ዲግሪን ለመፈለግ ይሞክር ይሆናል፤ ለፍሪጅ የተሠራው መለኪያ ይህን ሙቀት አይችለውም። የሚችል መለኪያ ቢገኝም በእኛ አገር ይሳሳታል፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል፣ ቡሬም ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ በእነዚህ ቦታዎች የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ወተትን ለማፍላት ከበቂ በላይ ስለሆነ አያሳስብም፤ የብሩሴሎሲስንም የሳንባ ነቀርሳንም ተሕዋስያን ይገድላል።

ከመለኪያው በቀር ሌሎች ምልክቶች አሉ። ደኅና ፍሪጅ ሞተሩ ይነሣል፣ ያርፋል፤ ያረጀው ግን ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ይሠራል። አንድ ቅጠል ወረቀት በበሩ ጎማና በሣጥኑ መካከል አድርገው በሩን ዘግተው ሲስቡት ያለ ምንም መያዝ የሚወጣ ከሆነ ጎማው አየር ያስገባል። የመብራት ቆጣሪም ይመሰክራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሌላውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ፣ ፍሪጁን ብቻ ትቶ፣ ቆጣሪውን ማታና ጧት ማንበብ ይቻላል። መካከለኛ መጠን ያለው አዲስ ፍሪጅ በእነዚህ 12 ሰዓታት ውስጥ የሚወስደው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ያንተ የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ከወሰደ፣ በየወሩ የምትከፍለው ገንዘብ ለአዲስ ፍሪጅ መግዣ ሊጠራቀም ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

ይሁንና ሙቀት የያዘ ፍሪጅ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ከጀርባው ያለው የቱቦ መረብ አቧራ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ፍሪጁን ከመብራቱ ነቅሎ በብሩሽ መጥረግ ብቻውን ይፈውሰዋል። ፍሪጁ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ወይም ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ ቆሞ እንደሆነ ቦታውን መለወጥ ይበቃል፤ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው ካላስወገደ ምን ያደርግ? የበሩ ጎማም ብቻውን ሊለወጥ ይችላል። በረዶ አለመጠን የተጋገረበት ከሆነ አጥፍቶና በሩን ከፍቶ በራሱ እንዲቀልጥ መተው ነው። በዚህ ነገር ስንቱ ደኅና ፍሪጅ በቢላዋ እንደ ሞተ የከተማችን የፍሪጅ ጠጋኞች ያውቃሉ። ባለቤቱ በረዶውን ለመፈልፈል ሲቸኩል ቢላዋው በስሱ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ ይበሳዋል፤ ጋዙም ፍስስ ብሎ ይወጣል። አንዲት ሰዓት ያልታገሠ ሰው ፍሪጁን ያጣል።

ጋዙ ካለቀ በኋላ ቀዳዳው ተደፍኖ ዳግመኛ ሊሞላ ይችላል። ነገር ግን ቀዳዳው ሳይፈለግ በየጥቂት ወሩ ጋዝ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ይህ ቀዳዳ ባለበት እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ዕድሜው ከ10 እስከ 15 ዓመት የደረሰ፣ ሞተሩም የደከመ ፍሪጅ ለጥገና ከሚወጣበት ገንዘብ ይልቅ ቢለወጥ ይሻላል።

ስለ ጋዙ ጥቂት ልጨምር። በቀድሞዎቹ ፍሪጆች ውስጥ ፍሬዎን 12 የሚባል ጋዝ ይሞላ ነበር። ይህ ጋዝ ለቤተሰቡ ጉዳት ባይኖረውም ወደ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በመስከረም 1980 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ መንግሥታት ሊያስቀሩት ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1987 ዓ.ም. ተቀበለች። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ኢሶቡቴን የሚባል ጋዝ ነው። ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን እሳት ይይዛል። ስለዚህ አዲሱን ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ጋዙ ምን እንደሆነ ከጀርባው ካለው ጽሑፍ ሳያነብ እሳት ሊያቀርብ፣ በአጠገቡም ሲጃራ ሊያጨስ አይገባም። የድሮውም ጋዝ ዝም ብሎ ወደ አየር እንዳይለቀቅ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መፈለግ የተሻለ ነው።

አዲስ በሚገዛበት ጊዜ ከቀለሙና ከመልኩ ይልቅ በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ለ110 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል። እንዲሁም ፍሪጁ የሚችለው የአየር ጠባይ በፊደል ተጽፎበታል። ኤን የተባለው እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስ ቲ የተባለው እስከ 38፣ ቲ የተባለው ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ የክፍል ሙቀት ድረስ በደንብ ይሠራል። ለቡሬ ከተማ አየር ኤን ሊበቃ ይችላል። ወደ ዐባይ በረሓ በሚወርደው ቆላ ያለ ሰው ግን ቲ የተባለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። አሮጌ ገዝቶ አሮጌን መለወጥም የተለመደ ነው። አልነቅፈውም፤ ግን ሻጩ ዘንድ በመብራት ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሮ በቴርሞሜትር ሳይለኩት ገንዘብ መክፈል ዐይንን ጨፍኖ እንደ መግዛት ይቈጠራል።

ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዐባይንም ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ፍሪጁ በጭነት መኪናው ላይ ቆሞና በገመድ ታስሮ መምጣት አለበት። ተኝቶ ከመጣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳል፤ ቤት ደርሶ ወዲያው ቢሰካ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይጎዳል። ስለዚህ ተኝቶ የመጣውን አቁሞ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቆሞ የመጣውንም ጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ይገባል። ይህን ትዕግሥት የሚያጡ ብዙዎች ናቸው፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ይጓጓልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ወደ ጊዜው፣ እንድረስ። ፍሪጅ ለመለወጥ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የሚመረጠው ዐቢይ ጾም ነው። ልማዳችን ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ሰው ፍሪጁ መድከሙን እያወቀ ጾሙን ሁሉ ዝም ብሎ ይሰነብትና፣ በሰሙነ ሕማማት ወደ ገበያ ይሮጣል። የፋሲካ ዕለትም የቅርጫ ሥጋው ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት፣ የዶሮ ወጡ ድስት፣ ቅቤውና እንቍላሉ አንድነት ገና ባልቀዘቀዘ አዲስ ፍሪጅ ውስጥ ይታጨቃሉ። በዚያው ቀን ከተማው ሁሉ ምድጃውንና ምጣዱን ስለሚያበራ መብራቱ ይደክማል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ፍሪጅ የገባበትን ሙቀት ቀስ በቀስ የሚያወጣ እንጂ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ዕቃ አይደለም። 15 ኪሎ ትኩስ ሥጋ በአንድ ጊዜ ቢጫንበት፣ አስቀድሞ የቀዘቀዘውም ይሞቃል።

በጾሙ መካከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአብዛኛው ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል ስለማይገቡ ፍሪጁ ከዓመቱ ሁሉ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ይህ ነው። ከዚህም በላይ መጋቢት በእኛ አገር ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ስለሆነ የደከመ ፍሪጅ ድካሙን የማይሰውርበት ጊዜ ነው። አየሩም ደረቅ ስለሆነ ከዚህ በታች የምንነግረው የሸክላ ማቀዝቀዣ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት ወቅት ነው። ቢሆንም የጾም ምግብ አይበላሽም ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነው፤ ሽሮውና ምስር ወጡ፣ የተቀቀለውም ድንችና ሩዝ ለተሕዋስያን መልካም ማሳ ናቸው። ሕፃናትና በሽተኞችም ስለማይጾሙ ወተታቸው በፍሪጁ ውስጥ እንዳለ መታሰብ አለበት።

የመለወጫው ቀን ሲቀርብ ካንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አዲስ ነገር ወደ ፍሪጁ ማስገባትን መቀነስ፣ ያለውንም በልቶ መጨረስ ይገባል። ከሁለት ቀን በፊት ጥቂት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ውሃ ሞልቶ፣ ሲረጋ ስለሚያብጥ ከአፉ ጎደል አድርጎ፣ በበረዶ ማድረጊያው ውስጥ ማኖር ነው፤ በኋላ ያስፈልጋሉ። አዲሱ ፍሪጅ ሲመጣ ውስጡን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አጥቦ ማድረቅ፣ ከላይ እንደ ተባለው አሳርፎ መሰካት፣ ከዚያም ባዶውን አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ማሠራት ነው። አሮጌው ፍሪጅ እስከዚያ ድረስ በቦታው ይሥራ። በአዲሱ ውስጥ የተነከረው ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሳያሳይ አሮጌውን መንቀል ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ንባቡ ከተገኘ በኋላ ማሻገሩ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አስቀድሞ መድኀኒት፣ ቀጥሎ ወተትና ሥጋ፣ ከዚያ ሌላው ይሻገር፤ ጥሬ ሥጋ ፈሳሹ በሌላው ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በዕቃ ተከድኖ ከታች ይቀመጥ።

ሁለቱን ፍሪጆች ባንድነት ማቆም የማይቻልበት ቤት ብዙ ነው፤ ወይ ስፍራ የለም፤ ወይም አሮጌው ተሸጦ ዋጋው ለአዲሱ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ የጎረቤትን ፍሪጅ መለመን የሚያሳፍር አይደለም፤ ነገ እርሱም ይለምናልና። ጎረቤት ከታጣ ደግሞ ምግቡን ባንድ ጠንካራ ካርቶን ወይም ሣጥን ውስጥ አጠጋግቶ መደርደር፣ በረዶ የሆኑትን ጠርሙሶች በጎንና በላይ ማድረግ፣ ሣጥኑንም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጥላ ቦታ ማኖር ነው። ጋቢ የሚያሞቅ የሚመስለን ገላችን ሙቀት ስላለው ነው፤ በበረዶ ላይ ሲጠቀለል ግን የውጭውን ሙቀት ያግዳል። ከ5 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት 2 ሰዓት ያለፈው ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ ሽታው ቢያምርም ይጣል። ይህን ማለት እንደሚከብድ ይታወቃል፤ በዚህ የኑሮ ውድነት ወጥ የሚደፋ ማን ነው? ቢሆንም ስለ ልጆች ተቅማጥ የሚወጣው ወጪ ከወጡ ዋጋ ይበልጣል።

ፍሪጅ የማያስፈልጋቸው ነገሮች መኖራቸውንም አንርሳ። ደኅና ሆኖ የተነጠረ ቅቤ ውሃው ስለ ወጣለት በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ተከድኖ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። በቡሬ ገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለጋ ቅቤ ግን ውሃና የወተት ትራፊ ስላለበት ቶሎ ይሸታል፤ ፍሪጅ ከመለወጡ በፊት ቢነጠር ጉዳዩ ያልቃል። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ነክቶት፣ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ቢሰቀል ቋንጣ ይሆናል፤ ይህም በበጋ እንጂ በክረምት ዝናብ አይሞከርም፤ ሳይደርቅ ይሻግታልና። ማር፣ በሶ፣ ሽሮ ዱቄትና በርበሬ ከፍሪጅ ውጭ መኖር ይችላሉ። እንጀራም ኮምጣጣነቱ ለጥቂት ቀን ከሻጋታ ስለሚጠብቀው በመሶብ ይሰነብታል። ስለዚህ ወደ ሣጥኑ መግባት የሚገባው ነገር ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ስለ ሸክላው ማቀዝቀዣ እንናገር። አንዱ ማሰሮ በሌላው ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲተን ሙቀትን ከውስጥ ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ትነቱ ይቆማል፤ ማሰሮውም ማሰሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመልካሙ ወቅትም ቢሆን ወደ 4 ዲግሪ አይወርድም። ስለዚህ ለጎመን፣ ለቲማቲምና ለመድኀኒት ይጠቅማል እንጂ ሥጋና ወተት በእርሱ አይታመኑም።

ለመድኀኒት ያልነው ይልቁንም ለኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት 4 ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ ፍሪጅ በሚለወጥበት ቀን አዛውንቱ ሊጨነቁ አይገባም፤ በሥራ ላይ ያለችውን ብልቃጥ በጥላ፣ በሸክላው ውስጥ ማኖር ይበቃቸዋል። ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስፈራው ብርዱ ነው። ብልቃጡ በበረዶ ጠርሙሱ ላይ ተጋድሞ ወይም ከበረዶ ማድረጊያው ክፍል ተጠግቶ አንድ ጊዜ ከረጋ፣ በኋላ ቢቀልጥም ኢንሱሊኑ አይሠራም፤ ይጣላል። ስለዚህ በሚሻገርበት ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበረዶው እንዲርቅ፣ በአዲሱም ፍሪጅ ውስጥ ስም በተጻፈበት ክዳን ባለው ታናሽ ዕቃ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ለልጆች በውሃ የሚበጠበጡ አንዳንድ ፈሳሽ መድኀኒቶችም፣ እንደ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ያሉት፣ ከተበጠበጡ በኋላ ፍሪጅ ይፈልጋሉ፤ ባለመድኀኒቱን መጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከባድ ነው ለሚል ሰው የጤና ጣቢያዎቻችንን የክትባት ፍሪጅ ማየት ይጠቅመዋል። በ1914 ዓ.ም. ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ ያለ ሞተር በእሳት ሙቀት ብቻ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ፈለሰፉ። መብራት ባልደረሰበት ገጠር ክትባት የተጠበቀውም በዚሁ ጥበብ፣ ነጭ ጋዝ በሚያቃጥሉ ፍሪጆች ነበር። የክትባት መርሐ ግብር በኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጤና ሠራተኞች ክሩን ሲከረክሙና ነበልባሉን ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ነበልባሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቍጥር ሙቀቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ዛሬ እነዚያ ፍሪጆች በፀሐይ ኀይል በሚሠሩ እየተተኩ ናቸው። መተካቱ ያስፈለገው የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት በሙቀት፣ የጉበት ሄፓታይተስ ቢና የመንጋጋ ቈልፍ ክትባት ደግሞ በመርጋት ስለሚበላሹ ነው። በክትባት ፍሪጅ ላይ ሙቀቱ በየቀኑ ጧትና ማታ ተነቦ በሰሌዳ ይጻፋል፤ የሠራተኛው ምሳም ሆነ ውሃ በውስጡ አይቀመጥም። መምህራን ለትምህርት ቤቱ ክበብ ፍሪጅ ካላቸው ተማሪዎች በተራ እንዲህ ያለ ሰሌዳ እንዲይዙ ቢያደርጉ ሒሳቡንም ጤናውንም አብረው ያስተምራሉ።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የፍሪጁን በር አለመክፈት ነው። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ሙሉ የሆነ በረዶ ማድረጊያ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይቆያል። በውስጡ የነበሩት የውሃ ጠርሙሶች እዚህም ያግዛሉ፤ ስለዚህ ፍሪጁ ከተለወጠ በኋላም አይጣሉ። መብራቱ ሲመለስ ኀይሉ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ስለሚመጣና ሞተሩም ወዲያው ለመነሣት ስለሚቸገር፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚያበራ ስታብላይዘር ቢኖር ለአዲሱ ፍሪጅ ዕድሜ ይጨምራል።

የቀረው የአሮጌው ሣጥን ነገር ነው። ብዙ ሰው አይጥለውም፤ የእህል ማስቀመጫ፣ የመጻሕፍት ሣጥን ያደርገዋል፤ ወይም በጓሮው ያቆመዋል። ፍሪጅ አየር እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በሩ ተዘግቶ እህልም እንጀራም ቢቀመጥበት ያልብና ይሻግታል። ከዚህ የሚከፋው ግን ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ገብቶበት በሩ ሲዘጋ ነው። የድሮዎቹ ፍሪጆች በሮች ከውጭ የሚቈለፉ ስለ ነበሩ በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ ታፍነው ሞተዋል። ከዚህም የተነሣ የአገሩ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. የፍሪጅ በር ከውስጥ በቀላሉ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ዛሬ በሮቹ በማግኔት የሚዘጉ ቢሆኑም ታናሽ ልጅ ሣጥኑ በበሩ ተደፍቶ ወይም ዕቃ ተደግፎበት ከሆነ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ አሮጌው ፍሪጅ ከቤት በወጣበት በዚያው ቀን፣ ነገ ሳይባል፣ የማጠፊያውን ብሎኖች ፈትቶ በሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ሥራው አንድ ካቻቪቴና ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በሩ የወጣለትም ሣጥን ለጓሮ መሣሪያ ማስቀመጫ ይሆናል።